ሊቀ አጉራሽ ሀብተሥላሴና የዮፍታሄ ምሳ

በዚህ ዓለም ላይ ውሃ የሌለው ሰፈር አለ፣ መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ አጉራሽ የሌለው ሰፈር ግን የለም። አጉራሽ ማለት ባዶ አፍ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነው። እርቧችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። ለማዛጋት አፋችሁን የከፈታችሁ እንደሆነ አለቀላችሁ፤ ሳይሞላ አይዘጋም።

የእኛ ሰፈር አጉራሽ፣ የሞያሌና የአካባቢዋ ሆዶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ሊቀ አጉራሽ ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው። በኬንያ በኩል፣ ከእኔ የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሩዝ፣ ስኳርና ብስኩት በካርቶን ያከፋፍላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጤናዬ ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። ልጆቻቸው ናይሮቢ ናቸው፤ እሳቸው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ቀን ቀን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ አፉን ይዞ ነው በበራቸው የሚያልፈው።

መፈክራቸው አንድ ነው፦ «ይቺን ብቻ!» እሷን ስትጎርሱላቸው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛዋን ያስከትላሉ። አብዱብ የሚባለው ቦዳቦዳ ነጂ አንድ ቀን ካርቶን ሊያደርስ መጥቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ፣ አንድ ሙሉ ቻፓቲ በቦሎቄ ጎርሶ ሄዷል። ሙስሊም ነውና ረመዳን ሲገባ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ ጾሙን አክብረው አፉን ተዉለት፤ የሞተሩን መሪ ግን ግራና ቀኝ ፌስታል አንጠለጠሉበት። «ለማፍጠሪያህ ነው፤ ይቺን ብቻ!»

የሚገርመው እሳቸው ራሳቸው አይበሉም። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሰዓት አልሸረፉም፤ ራሳቸውን ሲያማቸው እንኳ ክኒኑን እስከ ዘጠኝ አስጠብቀው ነው የሚውጡት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ታዲያ ምን ይሠራሉ? የሰው ልጅ ያበላሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ልጄ ዮፍታሄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የሳንባ ምች ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። ስለዚያ ሳምንት አላወራም። ዳነ፣ ተመስገን! ግን ሲድን ሌላ ልጅ ሆኖ ዳነ። ምሳ ሲቀርብለት አፉን ይቆልፋል፤ ሲያመው ያባበልንበትን ብስኩት ብቻ ይጠይቃል፤ ቀን ጀርባዬ ላይ ሲያንቀላፋ ይውልና ማታ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። አባቱ ከባድ መኪና ይዞ ናይሮቢ ስለሚመላለስ የሚያግዘኝ በስልክ ነው፤ «ዋናው መብላቱ ነው» ይለኛል፣ እኔ ያላወቅኩ ይመስል። አሥራ ሁለት ኪሎ የነበረው ልጅ አሥር ተኩል ገባ። ሳጥበው የጎኑ አጥንት ይቆጠራል።

ሜርሲ የምትባለው የክሊኒካችን ነርስ «ማማ ዮፍታሄ፣ ፖሌ ፖሌ» አለችኝ፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል ማለቷ ነው። ምግብ በሰዓቱና በአንድ ቦታ፣ ትንሽ ትንሽ። በመሀል ብስኩት የለም። ማስገደድ የለም። ምሳ ሰባት ሰዓት፣ ድንች በእንቁላልና በቅቤ ተፈጭቶ፤ ከምሳ በኋላ በራሱ አልጋ እንቅልፍ። «ሳአ ሳባ» አለችኝ የምሳውን ሰዓት፤ ስዋሂሊውም የሚቆጥረው እንደኛው ስለሆነ ማመካኛ እንኳ አላገኘሁም። ስወጣ ጠራችኝና «በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪሎ ካልጨመረ ሆስፒታል እንዲተኛ እጽፋለሁ» አለችኝ። ያንን አልጋ ሁለተኛ አላይም ብዬ ማልኩ።

ሰዓቱን ካርቶን ላይ ጽፌ ከሱቄ በመጋረጃ ብቻ በምትለየው ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የረሳሁት ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ክቡርነታቸውን ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሦስት ሰዓት ላይ፣ የልጁ ደረት ላይ ፍርፋሪ አየሁ። «ጋሼ፣ አጎረሱት?» «እኔ? እጄ ላይ ነበረች፤ ራሱ ነው የወሰዳት!» በሁለተኛው ቀን ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ሲበላ ያዝኩት። «ማንዳዚ ደግሞ ምግብ ነው እንዴ? ውስጡ አየር እኮ ነው፣ ፀዲዬ!» በሦስተኛው ቀን በስንት መከራ ሦስት ማንኪያ አብልቼ አልጋው ላይ አጋደምኩት። ዓይኑ ክድን ሲል መጋረጃው ተገለጠ። «ተኝቷል? ዝም ብዬ ልየው ብቻ።» ዝም ብለውስ አዩት፤ ኪሳቸው ነው ዝም ያላለው። የብስኩቱ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ዮፍታሄ ያቺን ድምፅ ሩቅ ኡራን ከተማ ሆኖም ይሰማታል። ብድግ አለ፤ የዚያ ቀን እንቅልፍ እዚያ ላይ አበቃ።

በሳምንቱ ሜርሲ ሚዛን ላይ አወጣችው። አሥር ተኩል፤ ንቅንቅ የለም። የሱሪውን ኪስ ገልብጣ ግማሽ ብስኩት አወጣችና «ማማ ዮፍታሄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ሱቃቸው ገባሁ። ደንበኛ ሞልቷል፤ ግድ አልሰጠኝም። «ጋሼ፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው! ሁለተኛ እጅዎን አፉ አጠገብ እንዳላይ!» አልኩ። የሰው ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ሆነ። ሊቀ አጉራሽ የብስኩቱን ካርቶን አንስተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉ፤ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ።

አሸነፍኩ አልኩ። ምን ዋጋ አለው! ብስኩቱም ቀረ፣ ምሳውም አልተበላ። ማንኪያውን ሞተር አድርጌ «ቡርርር» እያልኩ አመጣለሁ፤ ዮፍታሄ አፉን ገጥሞ ከማዶ ያለውን ጀርባ ያያል። «ጋሽ የት?» ይለኛል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ወርውሬ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለሚዛኑ የቀሩኝ አራት ቀናት ነበሩ።

ቢቸግረኝ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ መንገዱን ተሻገርኩ። «ጋሼ፣ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ይምጡ። ባዶ እጅዎን።»

«ምን ልሠራ?» አሉ ዞር ሳይሉ።

«ሊቀመጡ።»

ለሰባት አምስት ጉዳይ ላይ መጡ። ሁለቱንም ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ቀበሩ። ድንቹን ዮፍታሄ ፊት አስቀመጥኩ። ልጁ ሳህኑን አየ፣ ጋሼን አየ። ከዚያ በጭብጡ ሙሉ ዛቀና ተንጠራርቶ ወደ ጋሼ አፍ ዘረጋ።

ለዘጠኝ ሁለት ሰዓት ይቀራል፤ ለፋሲካ አሥራ ሁለት ቀን። በዚያ ላይ እንቁላል! በዚያ ላይ ቅቤ!

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ እኔ እጎርስለታለሁ» አልኩ።

ዮፍታሄ እጄን ገፋው። ፊቱ ለለቅሶ ተጨማደደ፣ ቅቤው በክንዱ ላይ ይወርዳል። «ቺን ብቻ!» አለ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ልጁን አዩ፣ አማተቡና አፋቸውን ከፈቱ።

ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ዮፍታሄ መዋጣቸውን እስኪያረጋግጥ ጠበቀ፤ ከዚያ ለራሱ አንድ ጎረሰ። ዋጠ! ሁለተኛው ጭብጥ ሲመጣላቸው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው አጉረመረሙና ጎረሱ። አንድ ለጋሼ፣ አንድ ለራሱ፣ ሳህኑ ተጠረገ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ልጁ አልጋው ላይ ለጥ ብሎ ተኛ።

ጋሼ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወጡ። በሩ ላይ ቆም አሉና «ጤናዬ ካረፈች ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው የለም» አሉኝ። ጢማቸው ላይ ቅቤ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ ከእጃቸው ሲጎርስ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ እጁን ወደ እሳቸው አልዘረጋም። እኔም ጭምር።

በማግስቱ ለሰባት አምስት ጉዳይ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ መጡ።

«ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«መቶ ስገድ አሉኝ።»

«ታዲያስ?»

«ሰግጄ መጣሁ» አሉና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

በአራተኛው ቀን ዮፍታሄ ለጋሼ አንዲት ብቻ አጉርሶ የቀረውን ሁሉ ለራሱ አደረገው። በሚቀጥለው ጠዋት ሜርሲ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሁለት መቶ ግራም ጨምሯል። «ሆስፒታሉ ቀርቷል፣ ማማ ዮፍታሄ! ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ። ስለ ንስሐ አባትና ስለ መቶ ስግደት ከየት ጀምሬ ላስረዳት! «ሰው ጋበዝኩለት» ብዬ አለፍኩት።

የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮና ጎመን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ጋሼ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቻቸውን ደረቅ ዳቦ ይቆርሱ ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ ወፈር አድርጌ ጠቀለልኩና ዘረጋሁላቸው። «ኧረ ፀዲዬ፣ ነውር ነው፣ ራሴ እበላለሁ!» እያሉ ጎረሱ። ሁለተኛዋን ዘረጋሁ። አፋቸው ሙሉ ስለሆነ በእጃቸው በቃኝ፣ በቃኝ አሉኝ።

«በሞቴ፣ ጋሼ፣ ይቺን ብቻ!» አልኳቸው።