አራሷ መኪና

መሄጃ የሌለው ሰው ለምን ይቸኩላል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ እያላመጥኩት እስካሁን አልዋጥኩትም። ደብረ ማርቆስ ከዳር እስከ ዳር ብትለካ አንድ ደህና ሐሜት ጀምራችሁ ሳትጨርሱ ታልቃለች። ታዲያ ባጃጁ ሁሉ የሚበረው፣ ሚኒባሱ ሁሉ ክላክሱን የሚያንባርቀው የት ሊደርስ ነው? «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። የኛ ከተማ ጅብ ግን ቀንዱንም ነክሶ፣ ጥርሱንም አራግፎ፣ አሁንም ይቸኩላል። እኔስ ብትሉ፣ ጉልበቴ ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ቀጠሮ ይሰጠኛል፤ ልቤ ግን ከኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

የእህቴ የጥሩወርቅ ልጅ ይበልጣል ከዚሁ ከችኩሉ ዘር ነው። ሲወለድም አዋላጇ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ደርሶ ያለቀሰባት ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት በሞተር ብስክሌት ወደ ሮብ ገበያ ሲበር መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ ሳይታጠፍ ቀረ። እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት ከአልጋ ሲነሳ እናቱ «ተመስገን፣ እንግዲህ ተማረ» አለች። እውነትም ተምሮ ነበር። ሁለት ጎማ እንደማይበቃው ተምሮ፣ ባለ አራት ጎማ ፈጣን መኪና ሊገዛ ተነሳ።

መኪናዋን ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ቀይ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ከፍታዋ የተኛ ውሻ የሚያህል። ለእሽቅድምድም ተሠርታ በማይሆን ነጂ እጅ ወድቃ፣ ሞተሯ ነዶ ከተጣለችበት አቶ አስማረ የሚባሉ የመኪና ጥገና አስተማሪ ገዟት። ግቢያቸው ውስጥ ሞተሯን ብሎን በብሎን ፈተው፣ የተበላውን ለውጠው፣ መልሰው ገጠሟት። በመኪና ገበያ እንዲህ ያለ ሞተር እንደ ሁለተኛ ጋብቻ ነው፤ ነውር የለውም፣ ሽማግሌ ማስጠየቁ ግን አይቀርም።

በኛ አገር ደግሞ በቅሎ የሚገዛ ሰው ብቻውን ገበያ አይወጣም። አጣጣይ ይዞ ነው። የአጣጣይ ሥራው በቅሎዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ከንፈሩን መምጠጥ፣ «ጥርሷ አልቋል፣ ሰኮናዋ ላልቷል፣ ዓይኗም ገደል ገደሉን ያያል» እያለ ሻጩን በገዛ በቅሎው ማሳፈር ነው። እኔ በዚህ ሙያ የተመሰገንኩ ነኝ። ይጁቤ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ እኔ ካጣጣልኩበት በኋላ በቅሎውን እዚያው ትቶ በእግሩ ቤቱ ገባ ተብሎ ይወራል። የማወራው እኔ ነኝ።

ይበልጣል ዋጋ እንዳስቀንስለት በአጣጣይነት ሾመኝ። እሱ ሲወጣ እናቱ ገባች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች እየፈታች፣

«ጋሼ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ልጄን ከዚያች መኪና አስጥልልኝ» አለች።

ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ከይበልጣል ጋር ወደ አቶ አስማረ ግቢ ስገባ ሁለት ሹመት ደርቤ ነበር፤ ለልጁ ዋጋ አስቀናሽ፣ ለእናቱ ገበያ አፍራሽ።

መጀመሪያ እጄን ኮፈኑ ላይ ጣል አደረግኩ። አንካሳ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ከንጋት ጀምሮ እያመላለሰ ያሟሙቃታል፤ ሰውነቷ ሲሞቅ አታነክስማ። የታመመ ሞተርም ቀድሞ ከሞቀ ሳሉን ይደብቃል። ኮፈኑ ግን የጮቄ ውርጭ ያደረበት ድንጋይ ነበር። ቁልፉን ሲያዞሩት ባንዴ ተነሳች። ከኋላ ዞሬ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር የሚተፋውን ሰማያዊ ጭስ ባገኝ ብዬ እየተሳልኩ፣ የነጠላዬን ጫፍ ማርሚታው አፍ ላይ ዘረጋሁ። አንገቴ የሚያቆሸሸውን ያህል እንኳ አላቆሸሸችውም።

«በሯ ሁለት ብቻ ነው» አልኩ ሲጨንቀኝ።

«እውነት ነው» አሉ አቶ አስማረ። «ሲዘንብም በኋላ መስታወቷ በኩል ውኃ ታስገባለች። እሱን አላዩትም መሰለኝ።»

ሻጩ ራሱ ካጣጣለ አጣጣይ ምን ይሥራ?

ከዚያ አሳፍረውን ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ወጡ። ሞተሩ ገና ሮዳጅ ላይ ስለሆነ፣ ማለትም አዲስ የገባው ብረት ከብረት ጋር እስኪለማመድ ቀስ ተብሎ መነዳት ስላለበት፣ ነዳጁን የሚረግጡት ለቅምሻ አንዴ ብቻ መሆኑን ነገሩን። ረገጡት። ባርኔጣዬ የኋላ ወንበር ላይ ተገኘ፣ ሆዴ ባርኔጣዬን ተከተለ፣ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀምሬ «አሜን» ስል ሦስት ቀበሌ አልፈናል። አንድ ቁራም ቀድመናል። ይበልጣል የቁራውን ነገር ይክዳል፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔና ያ ቀዳሚው ልቤ በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ደረስን።

ከመኪናዋ ስወርድ የማጣጣል አቅሜ አልቆ ነበር። የእናቴ አጥንት ግን አንገቴ ላይ ነው። ልጁ እንደሆነ ዓይኑ በርቷል፤ ይህችን ብከለክለው የባሰችውን ይገዛል። ምን ላድርግ እያልኩ ስቁነጠነጥ ያ ሮዳጅ የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ። አቶ አስማረን ወደ ባሕር ዛፉ ጥግ ስቤ የእህቴን ጭንቀትና የራሴን ሐሳብ በጆሯቸው ነገርኳቸው። የልጁን እግር አዩ፣ ቀጥለው የለፉበትን ሞተር አዩ። ለየትኛው እንዳዘኑ እግዜር ይወቅ። ስንመለስ ፊታቸው የቅዳሴ ፊት ሆኖ ነበር።

«ይበልጣል፣ ይቺ መኪና አራስ ናት» አልኩት። «አራስ ደግሞ አትሮጥም። ቆላ ቢሆን ሺህ ኪሎ ሜትር ይበቃት ነበር። በኛ ደጋ ግን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። ዐሥር ሺህ።»

ልጁ ወደ አቶ አስማረ ዞረ።

«በደጋ… ትንሽ ይረዝማል» አሉ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ።

ገዛት። አንድ ሳምንት ይታገሣል ብዬ ነበር። ወር ታገሠ፣ ወር ደገመ። ለገዛ እግሩ ያልራራ ልጅ ለሞተር ራራ! ጠዋት ጠዋት ዘይቷን ያያል፣ ዳገት ላይ «አይዞሽ» ይላታል፣ ጉድጓድ ሲያይ ከሩቅ ይቅርታ ይጠይቃታል። እህቴ እንቅልፍ አገኘች። እኔ አጣሁ። ያችን ቅምሻ የቀመሰች ነፍሴ ከጎኑ በተቀመጥኩ ቁጥር እግሬን ወለሉ ላይ ታስረግጠኛለች፤ ወለል ደግሞ ነዳጅ አይሰጥም።

ሰሞኑን ሦስታችን ይጁቤ ገበያ ልንሄድ ወጣን። እኔ ከኋላ እንደ ጆንያ ታጥፌያለሁ። እህል የጫነ ጋሪ ቀደመን። ጥላ የዘረጉ ቄስ በበቅሎ ቀደሙን፤ ሲያልፉም ባረኩን።

«ልጄ፣ ገበያው ሊፈታ ነው፣ ትንሽ ፈጠን አትልም?» ያለችው ማን ትመስላችኋለች? ጥሩወርቅ።

ይበልጣል መሪውን እንደ ሕፃን አቅፎ «እማዬ፣ አራስ ናት። ጋሼን ጠይቂያቸው» አለ።

እህቴ ዞራ አየችኝ። እኔ የጮቄን ተራራ አየሁ።

በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ ከጎናችን መጥቶ፣ ከኛ ጋር እኩል ለመሄድ ፍሬን ይዞ፣ ነጂው አንገቱን አወጣ። «አባባ፣ እምቢ አለቻችሁ እንዴ? ገመድ አለኝ፣ ልጎትታችሁ» አለ።

ይበልጣል በጨዋ ደንብ እጁን አውለብልቦ አሳለፈው። እኔና እህቴ ግን ገመዱ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ አንገታችንን አስግገን ተከተልነው። ዐሥር ሺህ! ምናለ እንደ ሰው ሦስት ሺህ ብል ኖሮ!