ከሚፈቀደው በላይ ሰው

ትናንት ቀትር ላይ፣ ከተማችን ሎግያ ሱቋን ሁሉ ዘግታ በተኛችበት ሰዓት፣ እኔም ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ሕልሙ መነሻ አለው። ቤቴ መለኪያ አስቀምጠው የሄዱ የጤና ሰዎች ባለፈው ሳምንት ተመልሰው፣ «ራዶን የሚባል ጋዝ ከመሬት በወለላችሁ ስንጥቅ እየገባ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ውሎ አድሮ ግን ሳንባ ይበላል» አሉን። መስኮት መክፈት ይቀንሰዋል አሉ። እኛ መስኮት የማንከፍተው ወደን አይደለም። የስምንት ዓመቷ ልጄ ነጃት አስም አለባት፤ የበረሃው አቧራ ያፍናታል። መስኮት ሳይከፈት ጋዙን ለማውጣት ከወለሉ ሥር እስከ ጣሪያው የሚዘልቅ ቱቦና ቀን ከሌት የሚዞር ቬንትሌተር ያስፈልጋል። ዋጋውን ስሰማ ሳቄ መጣ። በብየዳ የማገኘው የሰባት ወር ገቢ ነው።

በሕልሜ ወለሉ ጣሪያ ሆኖ ሰማዩ ከእግራችን ሥር ነበር። ቤቱም የእኔ አልነበረም፣ የጋዝ ቤተሰብ ይኖርበታል። አባወራው ባዶ ሽርጥ ነው፤ ውስጡ ማንም የለም፣ ግን ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሚስቱ ባዶ ሻሽ ናት። ያስመጡት ባለሙያ ደግሞ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሄልሜት ነበር። መለኪያውን በእኔ፣ በባለቤቴ በረምላና በነጃት ፊት አዞረው።

«ሰው ገብቶባችኋል» አላቸው።

«ምንም አልሸተተንም እኮ» አለች ሻሿ።

«ሰው አይሸትም፣ እመቤቴ። የሚጎዳውም ቀስ እያለ ነው። የሚፈቀደው ሁለት ነው፣ እናንተ ቤት ሦስት አለ።»

ሽርጡ ተከዘ። «ማስቀነሻው ስንት ይፈጃል?»

«የስምንት ዓመት ትንፋሽ።»

«ከየት አመጣለሁ? የልጆች አባት ነኝ። ረከስ ያለ የለም?»

«ቀጭን ቱቦ አለ። በእሱ የምታልፈው ግን ትንሿ ሰው ብቻ ናት።»

ክው አልኩ። «እኔን አውጡኝ» አልኳቸው። ሄልሜቱ ትከሻዬን በሜትር ለካና «አታልፍም፣ ወንድሜ» አለኝ። በትሕትና ነው የነገረኝ፤ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ሰፊ ቱቦ ፍለጋ ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰዎች ጨው ተጭነው በሰልፍ ያልፋሉ፣ ግመሎቹ ጥላ ሥር ተጋድመው ጫታቸውን ይቅማሉ። አንዷ ግመል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራት።

«ለሰው ማውጫ የሚሆን ሰፊ ቱቦ አለሽ?»

«አለ። መጀመሪያ ትንፋሽህን አሳየኝ።»

ሚዛኑ ላይ እፍ አልኩላት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

«የብየዳ ጢስ የበላው ነው» አለች እያላመጠች። «በዚህ ምስማርም አልሸጥልህም።»

ተሟገትኳት፣ ለመንኳት። ሌላ ደንበኛ ጠራች።

ስመለስ ቬንትሌተሩ እየዞረ ነበር። ረምላ ቱቦውን አቅፋ ታለቅሳለች። ነጃት የለችም። ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጠፍኩ።

«ነጃት፣ የት ነሽ?»

«ውጪ ነኝ፣ አባ። እዚህ ትንፋሼ አያጥረኝም።»

ደስ አለኝ። ልጄን ከቤቴ መጥጠው አውጥተውብኝ እኔ ደስ አለኝ፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። ተመለሺ ልላት አፌን ስከፍት ነቃሁ።

መብራት ጠፍቶ ኤሲው ቆሟል። ነጃት ቅዝቃዜ ፍለጋ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ በደረቷ ተኝታለች። አፍንጫዋ ስንጥቁ ላይ ነው። አንስቼ አልጋዋ ላይ አስተኛኋትና መስኮቱን ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። አቧራው ገባ፣ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ።

«ዝጋው» አለችኝ ረምላ።

«ጋዙስ?»

የልጅቷን ጀርባ እያሻሸች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «አቧራው ዛሬ ነው የሚገድላት። ያኛው ይጠብቃል።»

ዘጋሁት። ነጃት የደረቷ ማፏጨት ሲበርድላት አልጋው ሞቀኝ አለችና ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተኛች።