ዘፈኑ የሀሚዳ ነው

አንድ የፍቅር ዘፈን አገር ባዳረሰ ቁጥር «በእኔ ታሪክ ነው የተዘፈነው» የሚል ሰው በየከተማው አይጠፋም። ለጭሮ የደረሷት ክቡር አብዱረዛቅ ናቸው፤ ካሴት ሻጭ፣ የሀሚዳ ባል፣ የዘፈኖች ሁሉ የዓይን ምስክር።

እሳቸው እንደሚሉት፣ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ወደ ሐረር የሚሄድ አውቶቡስ ጭሮ ላይ ተበላሸ። ገና ስም ያላወጣ ዘፋኝ ወርዶ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የሀሚዳ አባት «ልጄን ለካሴት ሻጭ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌ የመለሱበት ቀን ነበርና ክቡርነታቸው እያለቀሱ ልባቸውን ዘረገፉለት። በዓመቱ ዘፈኑ ወጣ፤ አገር ጉድ አለ።

መጀመሪያ ሲያወሩት ዘፋኙ አንድ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። በአምስተኛው ዓመት ሦስት ቀን አደረ። በአሥረኛው የሀሚዳን አባት እግራቸው ላይ ወድቆ የለመነው ራሱ ዘፋኙ ሆነ።

ሀሚዳ ግን ጆሮ አላት። የዘፈኑ ልጅ መለሎ ናት፤ ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ይተኛል። ሀሚዳ ደግሞ ከሱቁ ባንኮኒ እምብዛም አትበልጥም። ይህን የሚያነሳ ደንበኛ ሲመጣ ክቡርነታቸው «አቦ! ቤት እንዲመታ ነዋ!» ብለው ይዘጉታል።

በሁለት ሺህ ሁለት ዘፋኙ ለኮንሰርት ጭሮ መጣ። ሰፈሩ ክቡርነታቸውን ከወዳጃቸው ጋር ሊያገናኝ በር ላይ ተሰበሰበ። እሳቸውን ወገባቸውን ያዛቸው፤ ጋቢ ተከናንበው ተኙ። የአሥራ ስድስት ዓመት ስማቸው በአንድ ከሰዓት ሊፈርስ ነው። ሀሚዳ ሻሿን አስተካክላ ወጣችና ባለባጃጁን በክሪን «እኔን ውሰደኝ» አለችው።

ዘፋኙ ሆቴሉ ውስጥ ተነስቶ ተቀበላት።

«ዘፈኑ ስለ ማን ነው?» አለችው።

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። ግጥሙን አንድ የአዲስ አበባ ሰው ነው የሰጠኝ። ጭሮ ስወርድም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ አሰበች። እዚህ አገር ባል ሚስቱን በሰው ፊት «የልጆቼ እናት» ብሎ ያልፋል እንጂ ወደድኳት አይልም። የእሷው ግን ከመሰላም ከቦርደዴም ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እንዴት እንደወደዳት ሳይታክት ተናግሯል። የዘፋኙ ነገር ውሸት ይሁን፤ ሽማግሌ በተመለሰበት ቀን ከሱቁ ጀርባ ሲያለቅስ በአጥር ቀዳዳ ያየችው እሷው ናት። «አልሐምዱሊላህ» አለች ከልቧ።

በር ላይ ሲደርሱ በክሪ አላስችል አለው። «አዴ ሀሚዳ፣ ዘፈኑ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ወላሂ በይ!»

ሀሚዳ በሐሰት አትምልም። ሰዉ ሁሉ አፍ አፏን ያያል።

«ወላሂ፣ አብዱረዛቅ በኔ ፍቅር አልቅሷል!»

ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ክቡርነታቸው ጋቢውን ገለጥ አድርገው በቀጭን ድምፅ «ምን አለሽ?» አሏት።

«ታሪኩ ያንተ ነው። በል ተነስ፤ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ውሸቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ቀና ብለው አዩዋት። በአሥራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨምሩበት ቃል አጡ።