ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?

ይህችን ሴት የማያውቃት ሰው በአገራችን የለም። ቴሌቪዥን ያለው በራሱ፣ የሌለው በጎረቤቱ ቴሌቪዥን አይቷታል። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ ወገቧን ይዛ ከጓዳ ትወጣለች። «ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?» ትላለች። ታለቅሳለች፣ ትታመማለች፣ ፊልሙ ሳይጋመስ አልጋ ትይዛለች። ልጇ ማንን እንደሚያገባ ከታወቀ በኋላ ተሻላት ወይስ ሞተች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስሟ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ተነስቶ በሩ ጋ እየተጋፋ ነው።

እያንዳንዱ ከተማ እንዲህ ዓይነት አንዲት እናት አለችው። የአምቦዋ ዱሬቲ ትባላለች። እኔ ግን እንደ ማዕረጓ ክብርት እናታችን ብላት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ልጆች ወልዳለች። አንዱንም አላረገዘችም። ከአርባ ሦስቱ ስድስቱ በዕድሜ ይበልጧታል። ቁጥሩን የማውቀው አብዛኞቹን ልጆች የጻፍኩላት እኔ ስለሆንኩ ነው።

መጀመሪያ ሳውቃት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት የድራማ ክበቡን የሚይዝ መምህር ሲጠፋ ለእኔ ሰጡኝ። ከጎጆ መጥታ አምቦ ቤት ተከራይታ የምትማር ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ስትናገር የኋላ ወንበር ላይ የተኛው ሁሉ ይነቃል። ድምፅ ማለት ያ ነው። ያኔ የምጽፍላት ሙሽራ፣ ተማሪ፣ ነርስ ነበር፤ የዕድሜዋን ማለቴ ነው።

በ1990 የኤድስ ድራማ ይዘን ከጉደር እስከ ጎጆ በአይሱዙ ጀርባ ተጭነን ዞርን። እሷ የቡና ቤት አስተናጋጅ ሆነች። ኤጄታ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ሚስቱን ቤት ትቶ አስተናጋጇን የሚያሳድድ ሾፌር። ጎጆ ላይ ድራማው ሲያልቅ ሦስት ሰዎች ለየብቻ መጥተው ሆቴሉ ውስጥ የትኛውን ክፍል እንደያዘች ጠየቋት። አንደኛው ፕሮግራሙን ስለ መልካም ጠባይ ንግግር አድርገው የከፈቱት ኃላፊ ነበሩ። እሷ የያዘችው ክፍል አልነበረም፤ የምታድረው እናቷ ቤት ነው።

አምቦ ስንመለስ የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስጠሯት። ለስድስት ወር ከኳየር ታገደች። ኤጄታም የዚያው ኳየር አባል ነው፤ በዚያው እሁድ ቆሞ ቤዝ ዘመረ። ዱሬቲ ከሽማግሌዎቹ አንዱን «እሱስ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱማ ድራማ ነው የሠራው» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሳቋን ስትጨርስ «ቲቸር፣ ከእንግዲህ እናት ጻፍልኝ» አለችኝ። «እናትን ማንም የትኛው ክፍል ነው የያዝሽው ብሎ አይጠይቃትም።»

ጻፍኩላት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብርት እናታችን የፉርኖ ዱቄት በወተት ጣሳ ይዛ መምጣት ጀመረች። ዱቄቱን ፀጉሯ ላይ ትነሰንሳለች፣ በኩል ግንባሯ ላይ መስመር ታሰምራለች፣ ከዘራ ትቀበላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?» ትላለች።

«ስልሳ።»

«ባለፈው ሳምንት ሰባ ነበርኩ። እንኳን እግዜር ረዳኝ» ትላለች።

ዱቄቱን በዕድሜ ለክታ ነው የምታደርገው። ለሃምሳ ዓመት አንድ ማንኪያ፣ ለስልሳ ሁለት፣ ለሰባ እንደ አየሩ ሁኔታ። አንድ ጊዜ ጎጆ ላይ መሐል ድራማ ላይ ዝናብ ወረደና ዱቄቱ ፀጉሯ ላይ ሊጥ ሆነ። የተሰበሰበው ሕዝብ በሳቅ ሲያውካካ እሷ በሁለት እጇ ሊጡን ከግንባሯ ላይ ጠርጋ «ኑሮ እንዲህ አቦካኝ፣ ልጆቼ» አለች። ሳቁ ቆመ። ፊት ለፊት የቆሙ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እንዲህ ዓይነት ተዋናይት ናት እንግዲህ እኛ አልጋ ላይ አስተኝተን የምናስታምማት።

ኤጄታ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምን ሆነ? ሙሽራ ሆነ። በሃያ ሦስት ሙሽራ፣ በሃያ ሰባት ሙሽራ፣ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ሲጀምር ኮፍያ ያደረገ ሙሽራ። ጥፋተኛው እሱ ነው አልልም። ስንጠራው መጣ፣ የሰጠነውን ሠራ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. በአፋን ኦሮሞ የተሠሩ ፊልሞች በቪሲዲ ገበያ አግኝተው ነበርና ክቡር ዳይሬክተር ደግፌ ከአዲስ አበባ ድርሰት ፍለጋ አምቦ መጡ። ክቡርነታቸው ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቁ ሰው ናቸው። እኔ ዘንድ የተጠናቀቀ ድርሰት ነበረ። ጉደር የምታስተምር፣ ያላገባች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ጫልቱ የምትባል ሴት ታሪክ ነው። ጫልቱ ትወዳለች፣ ትቆጣለች፣ ትሳሳታለች፣ እንደገና ትወዳለች። እያንዳንዱን መስመር የጻፍኩት የዱሬቲን ድምፅ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው። እሷም ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ድርሰቱን ስሰጣት እንደ ልማዷ «ስንት ዓመቴ ነው?» አለች።

«ሠላሳ አንድ» አልኳት። «ዱቄት የለም። ኩል ከፈለግሽ ለዓይንሽ።»

ቀልድ አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው። ቤቷ ስሄድ የወተት ጣሳዋ ታጥቦ ስኳር ተቀምጦበት አየሁ።

ክቡር ዳይሬክተሩ ድርሰቱን አንብበው ምሳ ጋበዙኝ። «ግሩም ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍቅር አይደለም፣ የጡረታ ፎርም ነው። ሰው ቪሲዲውን የሚገዛው ከላይ ያለውን ፊት አይቶ ነው። ልጅቷን እኔ አመጣለሁ።» ለዱሬቲ እንደጻፍኩት ነገርኳቸው። «እሷ ለእናት ትሆናለች፤ ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ተከራከርኩ ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅብኝም። አልተከራከርኩም። ስሜ ፊልም ላይ «ደራሲ» ተብሎ ሲወጣ ማየት ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶዬን አውጥቼ 31ን ሰረዝኩና ከላዩ 19 ብዬ ጻፍኩ። ጥብሱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ለዱሬቲም አልነገርኳትም። ያወቀችው በቀረጻው የመጀመሪያ ጠዋት ከመኪና የወረደችውን ልጅ ስታይ ነው። ናኦሚ ትባላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቆንጆ ናት፣ ያለ ጃኬት መጥታ ትንቀጠቀጣለች። ዱሬቲ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች።

«ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ስልሳ አምስት» አሏት።

«የማን እናት ነኝ?»

«የኤጄታ።»

ኤጄታን ከላይ እስከ ታች አየችው። በአንድ ዓመት ይበልጣታል። «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ልጄ» አለችው። ከዚያ ቤቷ ደርሳ በጣሳው ዱቄት ይዛ መጣች። ስኳሩን የት እንዳደረገችው አልጠየቅሁም።

ናኦሚ አንድ ቃል አፋን ኦሮሞ አትችልም። ክቡርነታቸው ለዚህም መላ ነበራቸው፤ «ቁጠሪ፤ አፍሽ ይንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ በኋላ ይገባል» አሏት። ስለዚህ ናኦሚ ኤጄታን በፍቅር ዓይን እያየች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ትለዋለች። ሲጣሉ በቁጣ «አሥራ ስምንት! አሥራ ዘጠኝ!» ትለዋለች። በትልቁ የፍቅር ትዕይንት ላይ እንባዋ የወረደው «ሠላሳ አንድ» ስትል ነው። ካሜራማኑ አጨበጨበ፤ እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

እኔ ያልጻፍኩት ትዕይንትም ነበረ። ጉደር ወንዝ ወርደን ናኦሚ በስስ ቀሚስ ውኃ ውስጥ እንድትገባ ተደረገ። አንዴ ብትገባ ይበቃ ነበር፤ አምስት ጊዜ አስገቧት። በየመሐሉ ክብርት እናታችን ከነዱቄቷ እየወረደች ጋቢዋን ታለብሳታለች። በአምስተኛው «ስድስተኛው ካለ እኔ ነኝ የምገባው» አለች። የዕለቱ ቀረጻ እዚያ ላይ አበቃ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ክቡርነታቸው ናኦሚን «ስክሪፕት እናንብብ» ብለው ወደ ሆቴል ክፍላቸው ጠሯት። ማንበብ የማትችለውን ቋንቋ ማለት ነው። ሁላችንም ሰማን። ኤጄታ ስልኩን ማየት ጀመረ፤ እኔ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ዱሬቲ ግን ከዘራዋን አንስታ ከልጅቷ ኋላ ሄደች። በሩ ሲከፈት «ደህና ዋላችሁ?» ብላ ቀድማ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንቺን አልጠራሁም» አሉ።

«አማቷ ነኝ። በእኛ አገር ሙሽራ ለብቻዋ አትገባም። በሉ አንብቡ፣ እኔ አላስቸግርም።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ጠቅላላ ስክሪፕቱ ተነበበ፤ ያነበበችውም እሷ ናት።

ቀረጻው ሲያልቅ ድምፅ ማስገባት መጣ። ለናኦሚ የሚሆን ድምፅ ሲፈለግ ጫልቱን በቃሏ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዳይሬክተሩ ግድግዳው ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል አስቀመጧትና ማይክ ሰጧት። እሷም ናኦሚ በቆጠረችበት ሁሉ እኔ የጻፍኩላትን ተናገረች። ሠላሳ አንድ የተባለበት ቦታ ላይ «እኔም ሰው ነኝ፣ እኔም እወዳለሁ» የሚለውን አስገባች። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ጉድ ነው፣ ድምፅሽ እኮ ገና ልጅ ነው» አሏት። «አዎ፣ እሱን ዱቄት መቀባት ረሳሁ» ብላ መለሰችላቸው።

አማትና ሙሽራ የሚጣሉበትም ትዕይንት ነበር። ሁለቱም ድምፅ የእሷ ነው። አሮጊቷ «ልጄን ልቀቂው» ትላለች፣ ወጣቷ «አለቅም» ትላለች። ዱሬቲ ከዱሬቲ ጋር ተጣላች፤ እንደተጻፈውም አሮጊቷ ተሸነፈች።

ፊልሙ አምቦ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ እናቷ አዴ ባየሽ ከጎጆ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ናኦሚ አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ። «ኩን ሰገሌ ኢንተለ ኮቲ» አሉ በአፋን ኦሮሞ፤ ይሄ የልጄ ድምፅ ነው ማለታቸው ነው። ቀጥለው በአማርኛ፣ እኔ በደንብ እንድሰማቸው ይመስለኛል፣ «የልጄን ድምፅ ለምንድን ነው ለሌላ ሰው የሰጣችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ ደራሲ ተብሎ ስሜ ወጣ። ዱሬቲ «የኤጄታ እናት» ተብላ ወጣች። ስለ ድምፁ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሰው በሩ ጋ ይጋፋል፤ አዴ ባየሽ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው መልስ ጠበቁኝ።

ናኦሚን ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ፊልም አየኋት። የሙሽራዋ ታላቅ እህት ሆናለች። ሻሽ አስረውላታል።

አምና፣ በ2006፣ አንድ አጭር ፊልም እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ተዋናዮቹን የምመርጠው ራሴ ነኝ። ለሰባት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ከተማው የሚያውቃት፣ በገዛ ሕይወቷ መሐል የቆመች ሴት ጻፍኩ። ዱሬቲ አሁን የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ይዤላት ሄድኩ። ማሽኑን አጥፍታ ቆማ አነበበችው። ሁለት ቦታ ላይ ዓይኗን ጠረገች።

«ጥሩ ነው ቲቸር። ከሁሉም ይበልጣል። ለማን ልትሰጣት ነው?»

«ለአንቺ።»

ሳቀች። የምር መሆኔን ስታይ ሳቋን አቆመች። «ምን ነካህ? ይቺ እኮ ልጅ ናት።»

«ሠላሳ ስምንት ናት። ያንቺ ዕድሜ ነው።»

«ልጅ ናት» አለች። «ሰው ይስቅብኛል። እኔ ፍቅር ስናገር አይቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አለ?»

ሰምቶ የሚያውቅ አለ ልላት ፈለግሁ። 31ን ሰርዞ 19 የጻፈው እጄ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እናት አድርጌ ጻፍኳት፤ መጨረሻ ላይ እሷም አመነችኝ። ይህችን ሴት እወዳታለሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚረባው በእሷ አፍ የወጣው ብቻ ነው። ይህን ልነግራት የሚገባኝ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ላይ፣ ምሳው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነበር።

ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰችልኝ። «እናት የላትም እንዴ ይቺ ልጅ?» አለች።

እናት አልነበራትም። «አላት» አልኳት።

ፊቷ በራ። ከወረቀቶቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ጣሳዋን አወረደች፤ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ዱቄቱን አየች።

«ታዲያ ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

«ሰባ» አልኳት።