ለጣሊያኗ ወይዘሮ የተጨመረላት ዓይን

ከተማ ያለ አራሚ አይቆምም። ቡታጅራም የራሷ ነበራት፤ ክቡር አለቃ ያረጋል፣ በሙያቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ፣ በተረፈ የፍጥረት ሁሉ አራሚ። ቄሱን ዜማ ላይ ያርማሉ፤ ለቅሶ ቤት ገብተው አልቃሿን ያርማሉ፤ ጣሊያን ገበያ ላይ የለጠፈውን አዋጅ ቆመው አንብበው "ምን ያደርጋል፣ እዚህች ላይ ተሳስቷል" ብለው ይሄዳሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ዓለምዘውድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትታረም ኖራለች።

ባለፈው ዓመት ጣሊያኖች የባልና ሚስቱን አንድ ልጅ ሸዋንግዛውን ለጥያቄ ብለው በካሚዮን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ፎቶግራፍ የለው፣ ምን የለው። መልኩ እየጠፋባት ሲሄድ ጊዜ ዓለምዘውድ ሳሉልኝ ብላ ለመነች። አለቃ ሳሉ፤ እጃቸው የለመደው ግን መላእክት ነው።

"ይኼማ ገብርኤል ነው" አለች። "የኔ ልጅ የታል?"

ሰውን ራሱን አስመስሎ የሚያወጣው የፈረንጅ የዘይት ቀለም ነው ሲባል አለቃ ሰሙ። መንገድ ከሚያሠራው ጣሊያን ዘንድ በአንድ ማሰሮ ማር ጥቂት ቀለምና የአንዲት የጥንት ወይዘሮ ሥዕል ይዘው መጡ። እጅዎ እንዲለምድ መጀመሪያ ይህን የታላቅ ሰዓሊ ሥራ እያዩ ይገልብጡ ተብለዋል።

"ልጄን ወስደው ቀለም ሰጡን" አለች።

"አልሰጡንም፤ በማር ለወጥን" ብለው አረሟት።

ወይዘሮዋ የተሳለችው በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ። በአለቃ ትምህርት ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፤ ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው። "ምን አድርጋቸው ነው እንዲህ ያዋረዷት?" አሉና ጉንጯ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመሩላት። ጎረቤታቸው ሃሊማ ልታይ መጥታ "ያ አላህ፣ ይቺን ምን ነክቷታል?" ብላ ወጣች። ሁለተኛው ቅጂም ባለ ሁለት ዓይን፤ አምስተኛውም እንደዚያው። ቀለሙ ሊያልቅ ነው።

"በእናትዎ፣ እንዳለች ይገልብጧት" አለች ዓለምዘውድ።

"ስህተት እያየሁ?"

ጭላጩ ሲቀር ወይዘሮዋን ትተው ወደ ልጃቸው ገቡ። ከአምስቱ ብልሽት መሀል እጃቸው አንድ ነገር ተምሮ ኖሯል፤ ግንባሩ መጣ፣ አፍንጫው መጣ፤ እውነትም እሱን እሱን አለ። ዓለምዘውድ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ሲፈነከት የቀረችበትን ጠባሳ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ አሰመሩ።

"በግራ ነበር እኮ" አለች።

አለቃ ዘወር ብለው ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ የቀኙን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና፣ የቀረችውን ቀለም ሙልጭ አድርገው በግራ አሰመሩ። "እውነትሽን ነው፣ በግራ ነበር" አሉ።

በሳምንቱ በርበሬ ስትለቅም ድንገት ትዝ አላት። የዚያን ዕለት ደሙ የሞላው ቀኝ ዓይኑን ነበር። ደሙን ያጠቡት፣ ቁስሉንም ያሰሩት አለቃ ራሳቸው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት አንዲት ቃሏን ያላሳለፉላት ሰውዬ፣ ይህችን እያወቁ አለፏት።