የመምህር ሕዝቅያስ ጆሮ

የሙዚቃ አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ጆሮው ጤነኛ አይደለም። ማንንም ለማስቀየም ብዬ አይደለም፤ በዐይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። እነዚህ ሰዎች ሁላችንም የምንሰማውን አይሰሙም፤ ማናችንም የማንሰማውን ይሰማሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት የሚዘጋበትን ጩኸት ቁጭ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡና "አለ" ይላሉ። ምን እንዳለ ግን አይናገሩም። በእናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። መዘምራን ያሰለጥናል፣ ወይም በአንድ አሮጌ ኪቦርድ የሰፈሩን ሰርግ ያሞቃል፤ ልጃችሁን አንድ ቀን "እስቲ ድምፅህን ልስማው" ብሎ አስቁሞት ያውቃል።

የእኛ የቡራዩው ክቡር መምህር ሕዝቅያስ ይባላሉ። በዕድሜ እኩያሞች ነን፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ "አንተ" ነው የምንባባለው። በጽሑፍ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ለድካማቸው የሚመጥን ማዕረግ እስካሁን ማንም አልሰጣቸውም፤ ይህችን እንኳ ከእኔ ያግኙ ብዬ ነው።

መምህር ከሆሳዕና ወደዚህ የመጡት ለኮንዶሚኒየም ቀለም ቅብ ሥራ ነበር። በሳምንቱ ግድግዳ ይቀባሉ፤ እሑድ ቸርች ውስጥ ከበሮም ኪቦርድም ይመታሉ። ቆይተው ብሩሹን ተዉትና ከአንድ ፍራሽ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ በገዛ እጃቸው "አካታች የሙዚቃ ስቱዲዮ" ብለው ጽፈው ሰቀሉ። የቀለም ሰው ስለሆኑ ጽሑፉ ያምራል። ችግሩ "አካታች" የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን ከስብሰባና ከዜና ውጭ ሰምተነው አናውቅም። የሕንፃውም የፍራሽ ቤቱም ባለቤት ኦቦ ሊቤ ከሱቃቸው ወጥተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ካነበቡ በኋላ ትርጉሙን ጠየቁ። መምህር አስረዱ፦ የሚያይም የማያይም፣ በእግሩ የሚመጣም በዊልቸር የሚመጣም፣ የሚናገርም የማይናገርም አንድ ላይ ይማራል፤ ማንንም አንመልስም ማለት ነው።

ኦቦ ሊቤ ትንሽ አሰቡ። "ታዲያ ታክሲ ነው በለኛ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስቱዲዮውን የሚጠራው "ታክሲው" እያለ ነው። ሰው ሲቀጣጠር "ታክሲው ሥር ጠብቀኝ" ይላል፤ እንግዳ ሰው ደግሞ ፌርማታ ፍለጋ ይንከራተታል። ስሙ ግን አልተሳሳተም። የአሸዋ ሜዳ ሚኒባስ ሞላሁ ብሎ እንደማያውቅ ሁሉ መምህርም ሞላሁ ብለው አያውቁም።

እኛም እዚህ ታክሲ ላይ የተሳፈርነው ሌሎቹ ስላወረዱን ነው። ልጄ ዳና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ ብዙ አትናገርም፤ ትመታለች። የምትመታው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልጅ አስተማሪ ብላ አትለይም። ከሦስት ትምህርት ቤት በትህትና ተሸኝተናል፤ የመጨረሻው እስከ ሰበታ ድረስ ያመላለሰን ነበር። ሁሉም ሲደውሉ የሚሉት አንድ ቃል ነው፦ "መታች"። ባለቤቴ ኤልሳቤት ከዚህ የተነሳ ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳታይ ነጠላዋን ታነሳለች። ከሦስተኛው በኋላ ልጅቷ ቤት ተቀመጠች፤ ኤልሳቤትም ሥራ ትታ አብራት ተቀመጠች። ይኸኛውም ካልተቀበለን ሌላ የምናንኳኳው በር አልነበረንም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ሳልደብቅ እውነቱን ለመምህር ነገርኳቸው። ልጄ ትመታለች አልኳቸው። ክቡርነታቸው አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡና በየትኛው እጇ እንደምትመታ ጠየቁኝ። በሁለቱም አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከበሮ ሁለቱንም እጅ ነው የሚፈልገው አሉና አስገቧት።

እንግዲህ ስለ ጆሯቸው ላውራ። አንድ የጫንጮ የድርቆሽ ነጋዴ ዘፋኝ መሆን አለብኝ ብሎ መጣ። ሰውየው አፉን ሲከፍት ታች የቆሙ የባጃጅ ሾፌሮች ቀና ብለው አዩ። ስቱዲዮው ውስጥ ክራር የምታስተምረው መምህርት ማርቲ ናት። ማርቲ ዐይነ ስውር ናት፤ ጆሮዋ ከመምህር ጆሮ በተቃራኒ ሙሉ ጤነኛ ነው፤ የሰማችውን ትሰማለች፣ የሰማችውንም ትናገራለች። መምህር እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው "አለ፤ ውስጡ አለ" አሉ።

"ውስጡ ካለ እዚያው ይቆይለት" አለች ማርቲ።

የድርቆሽ ነጋዴው ይኸው እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ከጫንጮ ይመጣል። ኦቦ ሊቤ መጀመሪያ ሰሞን ተማርረው ነበር፤ ደንበኛ ሸሸብኝ ብለው ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ። ኋላ ግን ነጋዴ አይደሉ፣ መላ አገኙለት። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ፍራሹ ላይ ያስተኙና፣ ላይኛው ፎቅ ድርቆሽ ሻጩ እየጮኸ፣ "በዚህ ድምፅ ካስተኛህ፣ ቤትህ ምን ይሆናል?" ይላሉ። የዘንድሮን ያህል ፍራሽ ሸጠው አያውቁም አሉ።

መምህር አንድ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሲናገሩ የሚያወሩት ስለ ሙዚቃ ስለሆነ፣ አድማጩም ሁልጊዜ ስለ ሙዚቃ የሚያስብ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ግማሹን ዓረፍተ ነገር ይውጡታል። በዚህ ጠባያቸው ከተጎዱት ዋነኛዋ ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ዓባይነህ የእህል ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው፣ በአንዱ ጆሮ ብቻ እየሰሙ፣ መሰንቆ ይማራሉ። አንድ ቀን መምህር ስለ ጋሽ ዓባይነህ ትምህርት ለባለቤታቸው ለማስረዳት ደወሉ። "ጋሽ ዓባይነህ ዛሬ ወጡ፤ ብዙ ለፋሁ፣ ልመልሳቸው ግን አልቻልኩም" አሏቸው።

ከቅኝት ወጡ ማለታቸው ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ግን ወጡን እሳት ላይ ጥለው፣ ባጃጅ ተኮናትረው፣ እስከ ገፈርሳ ድረስ "ሽበት ያላቸው፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አላያችሁም?" እያሉ ሲፈልጉ ዋሉ። ሽማግሌው ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብለው መሰንቋቸውን ይገዘግዙ ነበር። ይህን ታሪክ ሰምቼ ለብዙ ጊዜ ስቄያለሁ፤ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ኤልሳቤትንም ይህ ሰውዬ በስልክ የሚላትን እንዳታምን አስጠንቅቄያታለሁ።

ዳና በዚህ ሁሉ መሃል ከበሮውን ነክታው አታውቅም። ኦቦ ሊቤ የላኩላት የስፖንጅ ቁራጭ ላይ ተቀምጣ፣ ጠረጴዛው ሥር ሆና፣ መምህርን ታያቸዋለች። መምህር ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ይመታሉ። ስመጣ "አለ" ይሉኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ሆኜ ስልኬ ጮኸ። መምህር ነበሩ።

"የዳና አባት፣ መታች። ና እስቲ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ ይወርድ ነበር። አሁን ግን እኔ የወይዘሮ የሺወርቅን መከራ ያየሁ ሰው ነኝ። ከበሮውን ነው፤ ከበሮ የሚለውን እንደ ልማዳቸው ዋጡት ማለት ነው። ልጄ በመጨረሻ ከበሮ መታች። ለኤልሳቤት ደወልኩላትና ነጠላሽን አስቀምጪ፣ ሙዚቀኛ እንዲህ ነው የሚያወራው አልኳት። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ፤ እኔም ስቄባት ዘጋሁ። መንገድ ላይ ወርጄ ኬክ ገዛሁ።

ኦቦ ሊቤ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ኬኩን አዩት። "አካም ጅርታ፣ የዳና አባት" አሉኝ። "ለተመታው ሰው ነው? ኤዬ፣ ጥሩ አስበሃል።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መምህር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳቸው በሶፍት ተወትፎ፣ ሸሚዛቸው ላይ ደም ተንጠባጥቦ አገኘኋቸው። ዳና ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ከበሮው ጋ ተቀምጣለች። ኬኩን አንድ ቦታ አስቀመጥኩና የዳናን ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሹራቧን፣ የውሃ ኮዳዋን፣ ያለ እሱ የማትንቀሳቀሰውን የስፖንጅ ቁራጭ። ይህን ሥራ እጄ ለምዶታል፤ ትምህርት ቤቶቹ ተናግረው ሳይጨርሱ እኔ ሰብስቤ እጨርሳለሁ። አልተናደድኩም፤ ደከመኝ እንጂ። ኤልሳቤት ግን ቤት ሆና ደስ ብሏት እየጠበቀችን ነው። ይቅርታ፣ ካሁን በኋላ አናስቸግርህም አልኳቸው።

"ተማሪዬን ወዴት ነው የምትወስዳት?" አሉኝ መምህር በታፈነ አፍንጫ።

"መታችህ እኮ።"

"ነግሬሃለሁ እኮ በስልክ።"

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ለዳና የሚመቱላት ዜማ ውስጥ አንድ መታጠፊያ አለ፤ መምህር እዚያ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። መፍጠናቸውን ራሳቸው አያውቁም። ዳና ግን መታጠፊያው በመጣ ቁጥር ጆሮዋን ትይዝ ነበር። ዛሬ ደጋግመው ሲመቱት፣ ደጋግማ ጆሮዋን ያዘች፤ በመጨረሻ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ አፍንጫቸውን አለቻቸው። እሳቸው ደማቸውን ሲጠርጉ እሷ ቁጭ ብላ፣ ያንን መታጠፊያ በራሷ እጅ፣ መሆን እንዳለበት አድርጋ መታችው።

ማርቲን አየኋት። እሷ እንደሆነች ሰውን ለማስደሰት ብላ አንድ ቃል የማትጨምር ሰው ናት።

"እኔ ማን ማንን እንደመታ አላየሁም" አለች ክራሯን ሳታስቀምጥ። "ከበሮውን የመታችው ግን በቦታው ነው። የሚፈጥነው እሱ ነው። እኔም ስነግረው ኖሬያለሁ፤ እኔ ስላልመታሁት ነው ያልሰማኝ።"

መምህር ሶፍታቸውን አስተካከሉና ዳና ፊት ተቀመጡ። የቀኝ እጃቸውን አንጓ አሳዩዋት። "ስሳሳት እዚህ ጋ ያዢኝ" አሏት። ከዚያ መምታት ጀመሩ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የዳና እጅ ተነሳ፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ መምህርም ትንሽ ጎንበስ አሉ፤ አልዋሽም። ስገልጥ ልጄ የመምህርን አንጓ ይዛለች። ጥቂት አቆየችውና፣ ጊዜው ሲደርስ ለቀቀችው። እጃቸው ከበሮው ላይ በቦታው አረፈ።

ሦስት ትምህርት ቤት ልጄ መምታቷን ነገረኝ። ከመምታቷ በፊት ምን ሰማች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ሳስበው፣ በሰበታው ትምህርት ቤት የመታችው ሕፃን በመዝሙር ሰዓት ጭብጨባ ሳይሳሳት አልቀረም።

ሹራቧን መልሼ ሰቀልኩት። መምህርን ኬኩን ቁረስ አልኳቸው። በዚያ በታፈነ አፍንጫ ምንም ጣዕሙ እንደማይታወቃቸው እየነገሩኝ ሁለት ቁራሽ በሉ። ስንወጣ በሩ ድረስ ሸኙን።

"ማክሰኞ ይዘሃት ና" አሉኝ። "እስከዚያ እኔ ልለማመድ።"

በእኚህ ሰውዬ ስቄባቸዋለሁ፤ ገና እስቅባቸዋለሁ። ግን ከዚህ በፊት ልጄን በዚህ ቀን መልሰህ አምጣት ያለኝ ሰው የለም፤ እወዳቸዋለሁ።

ማክሰኞ ደረጃው ሥር ስንደርስ ከላይ ከበሮ ይሰማ ነበር። መምህር ብቻቸውን ናቸው። ሄደው ሄደው መታጠፊያዋ ጋ ይፈጥናሉ፣ ያቆማሉ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ዳና ቆማ አዳመጠች። ልጄን ወደ ክፍል ያስገባኋት ሁልጊዜ እየጎተትኳት ስለሆነ፣ ልትመለስ ነው ብዬ እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። መምህር እንደገና ተሳሳቱ። እጇን መንጭቃ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።