ደማችን ያልገጠመ

የበደለኝ ዶክተር መርሻ ነው። ስሙን ከመጀመሪያው የማስቀምጠው ኋላ ልቤ ራርቶ እንዳልተወው ብዬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮማ ረግሜው አርፌ እተኛ ነበር።

እናንተ የተማራችሁ፣ እውነት በተገኘች ቁጥር ጮክ ብላ መነገር ያለባት የሚመስላችሁ ለምንድን ነው? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ቀበሌ ስም እየጠራ ሲያስገባን። ዝም የሚባልበትን ነገር ግን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ።

ጉለሌ፣ ከዊንጌት ከፍ ብሎ፣ ለምርምር የተያዙ ዝንጀሮዎች የሚኖሩበት ግቢ ነበር። እኔ የሽቦ ቤታቸውን እጠርጋለሁ፣ ካሮትና ድንች እቆርጥላቸዋለሁ። ዶክተር መርሻ ሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ ልጅ እግር ነው። ከየዝንጀሮው ደም ይቀዳና መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ፣ ይረጋ አይረጋ እንደሆነ ሲያይ ይውላል። የዝንጀሮም ደም እንደ ሰው ኤ አለው፣ ቢ አለው፣ ከእናት ከአባት ይወረሳል ይለኛል። መንግሥት ያልወረሰው ደም ብቻ ነው ማለት ነው፣ እላለሁ እኔ። በሆዴ።

አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ አንድ ግልገል አቅፋ አትለቅም ነበር። ደሙ ታየና የእሷ አይደለም ተባለ። ለጥናቱ ቤተሰብ ከቤተሰብ መለየት ነበረበትና ግልገሉ ከወለደችው ጋር ገባ። የወለደችው ዞር ብላም አላየችው። አሮጊቷ ሽቦውን አንቃ ስትጮህ ሰነበተች። ግልገሉ አልቆየም።

“ደሙ ግን ልክ ነበር” አለኝ ዶክተሩ፣ ከልቡ አዝኖ። እውነቱን ነው፤ ልክ ነበር።

ልጄ ዓለምነሽ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ትላለች። ለዘማቾች ደም ስጡ ተብለን የሠራተኛው ሁሉ ደም የታየ ለታ፣ “የኔም ይታይልኝ!” ብላ ጣቷን ዘረጋች። ዶክተሩ ወጋት፣ አየ፣ ሳቀ።

“እትዬ ዘነበች፣ ይቺን ከየት ሰረቋት? እርስዎ ኤቢ፣ እሷ ኦ! ኤቢ እናት ኦ አትወልድም እኮ!”

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ልጄ አልሳቀችም፤ ፊቴን ነው ያየችው። እኔ፣ ማንም በነገር የማይረታኝ ምላሰኛ፣ መጥረጊያዬን አንስቼ ወጣሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ አልወለድኩም። ዓለምነሽን የሰጠችኝ የሸጎሌዋ አስካለ ናት፣ ልጆች በዝተውባት፣ ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ። ሽማግሌዎች ፊት ደረቅ ጡቴን ማር ቀብቼ አጠባኋት። አስካለ ልጄ ላትላት፣ እኔም ያንቺ ናት ላልላት ተማማልን። የጡት ልጅ እንዲህ ነው፤ ማሩ ከተላሰ ወዲያ ደም የሚጠይቅ የለም። ይሄንን ዶክተሩን እዚያ ማዶ አላስተማሩትም።

ቤት ገብተን ምሳ ሳቀርብ፣ “አልራበኝም፣ እትዬ” አለችኝ።

እትዬ! እንደ ዶክተሩ፣ እንደ ጎረቤቱ። ጠዋት ከቤት የወጣችው እኮ እማዬ የምትለኝ ልጅ ናት።

“የወለደችሽ አለች” አልኳት።

“የት?”

“ሩቅ አይደለም።”

“ብሄድ ትቀበለኛለች?”

አላውቅም አልኩ። ብትቀበላትም ሞቴ፣ ባትቀበላትም ሞቴ። ግን ጥያቄዋን ይዛ ከኔ ጋር እንድታረጅ አልፈለግሁም፤ ኩራትም አለኝ፣ ስለማታውቅ ብቻ የምትወደኝ ልጅ አላሳድግም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ፀጉሯን ሠራሁላት፣ የበዓል ቀሚሷን አለበስኳት፣ በከብት ነጋዴው መሐል እየተጋፋን ሸጎሌ ወረድን። አስካለ በሩን ከፈተች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። እጇን ወደ ልጅቷ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ ምስኪን፣ መሐላዋን እየጠበቀች ነው። ዓለምነሽ እጄን ለቀቀች።

“አስካለ” አልኳት፣ “ልጅሽ ናት፤ ሳሚያት።”